ሳጥኗ ጥሩ ናት፤ ፓስወርዷን ግን ተቀበሉ

ለቢሯችሁ የስልክ ማዞሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ የድሬ ልጆች ካላችሁ ይቺን አንብቡ። የምጽፈው ስለ ግራንድስትሪም ዩሲኤም6202 ነው። ከዚራ ያለው ቢሯችን ውስጥ ከተተከለች ቆየች። አስተዳዳሪዋ እኔ ነኝ። አይቲ አልተማርኩም። የአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፋይል እይዛለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክ አነሳለሁ። አለቃችን ሐጂ «ስልኩን የምታነሺው አንቺ፣ ማሽኑም ያንቺ» አለኝ። በቃ፣ ሹመቱ ይኸው ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማሽኗ ጥሩ ናት። እንደ እኛ ላለ ቢሮ ትበቃለች፣ ትተርፋለችም። ግን ባለቤት ትፈልጋለች። ሰው ሲለቅ ስሙን የሚያነሳ፣ አዲስ ሰው ሲገባ ቁጥር የሚሰጥ፣ በዓል ሲመጣ ሰዓቷን የሚያስተካክል አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የቆየው ፓናሶኒካችሁ ይሻላችኋል።

ፓናሶኒክ ስል ኬኤክስ ቲኢኤስ824ን ማለቴ ነው። እኛም የነበረን እሱ ነው። ነጩ ሳጥን ግድግዳ ላይ፣ ከሥሩ የሽቦ ጫካ። ሲገዛ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ መስመር ይይዛል። ካርድ ከተጨመረለት እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ ይሄዳል። ሙቀቱንም አቧራውንም ችሎልን ነበር፤ ውለታውን አልክድም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ነው። ጋራዥ ላለው ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው አንድ ነገር ልቀይር ስትሉ ይመጣል። በኬኤክስ ቲ7730 ስልክ ላይ ፕሮግራም የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ኮከብ፣ መሰላል፣ ከዚያ 1234። ይህ የፋብሪካው ኮድ ነው፤ ብዙ ቢሮ እስካሁን አልቀየረውም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሦስት አኃዝ ነው። 000 ካላችሁ ቀንና ሰዓት ይመጣል። ሌላው ሌላ ቁጥር አለው። የስልኩ መስኮት አንድ መስመር ብቻ ስለሚያሳይ የት እንዳላችሁ የሚነግራችሁ መጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ሁልጊዜ ባለሙያው ቤት ነው። አንድ ሰው ጠረጴዛ በቀየረ ቁጥር ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው «ነገ» ይላል። የድሬን ነገ ታውቁታላችሁ። ከዚህም ሌላ ፓናሶኒክ ራሱ የማዞሪያ ሥራውን ትቶታል። አሁን የምታገኙት መጋዘን የቆየ ወይም ያገለገለ ነው።

ወደ 6202 ልምጣ። ከላፕቶፕ ታንሳለች። ድምፅ የላትም። ሁለት የውጭ መስመር መሰኪያ፣ ለተራ ስልክ ወይም ለፋክስ የሚሆኑ ሁለት መሰኪያዎች፣ የኔትወርክ ገመድ፣ የፍላሽና የሚሞሪ ካርድ ቦታ አላት። ሌላው ሁሉ በኮምፒውተር ብራውዘር ይከፈታል። የማሽኗን አይፒ አድራሻ ጽፋችሁ 8089 የሚለውን ፖርት ትጨምራላችሁ፣ ስምና ፓስወርድ ትሰጣላችሁ፣ ሜኑው ይመጣላችኋል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የትኛው ምን እንደሆነ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ውስጧ አስተሪስክ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ በ1999 የጀመረው፣ ዓለም ሁሉ በነፃ የሚጠቀምበት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲጠፋባችሁ ኢንተርኔት ላይ መልስ አይታጣም።

ሻጮች የሚያጎሉትና የሚያሳንሱት ነገር አለ። የሚያጎሉት 500 ተጠቃሚ ትይዛለች፣ 30 ጥሪ በአንድ ጊዜ ታስተናግዳለች የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ወረቀቷ ላይ አለ። እኛ 14 ነን፤ 500ው ለጉራ ነው። የሚያሳንሱት የውጭ መስመሯ ሁለት ብቻ መሆኑን ነው። 30 ሰው ይነጋገራል ማለት እርስ በርሱ ይነጋገራል ማለት ነው። ወደ ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው በሁለቱ ሽቦ ነው። ከስልክ ድርጅት ሲፕ ትራንክ የሚባለውን በኢንተርኔት ገመድ የሚመጣ መስመር ካልተከራያችሁ በቀር ሦስተኛው ሰው ይጠብቃል።

ይህ ነገር አንድ ቦታ ላይ በጣም ያስቸግራል። የምሳ ሰዓት ጥሪ ወደ ሞባይል እንዲዞር አድርጌ ነበር፤ ተረኛው ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲያነሳ። አንድ ደንበኛ ይደውላል፣ በአንደኛው መስመር ይገባል፣ ማሽኗ በሁለተኛው መስመር ወደ ሞባይሉ ትወጣለች። ሁለቱም ተያዙ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያወራው፤ ሌላው ደንበኛ ግን መስመሩ ተይዟል ይባላል። ለዚህ ነው ወደ ሞባይል ማዞር የሚያበዛ ቢሮ ባለ 4 መስመሯን 6204ን መግዛት አለበት የምለው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ማሽኗን የሸጠልንና የተከለልን ድርጅት ስሙን አልጠራም። ሥራው መጥፎ አልነበረም። ሽቦው ቀጥ ያለ ነው፣ መለያ ተለጥፎበታል፣ ስልኮቹ ሁሉ ጮኸዋል። ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ስጠኝ አልኩት። «እሱ እኛ ጋ ይሁን፣ ለእናንተው ደህንነት ነው» አለኝ። አቦ! በገዛ ቤታችን ቁልፍ? ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። የሒሳብ ክፍሉን ስም ለማስተካከል ክፍያ፣ አንድ ቁጥር ለመጨመር ክፍያ። ስልክ ስደውል ደግሞ አይነሳም። የስልክ ባለሙያ ስልክ አያነሳም!

የፈታው ሐጂ ነው። የቀረውን ክፍያ ያዘ። «ፓስወርዱ ሲመጣ ብሩ ይሄዳል» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። በማግስቱ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ መጣ። ስለዚህ ውል ስትጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው የአስተዳዳሪው ስምና ፓስወርድ ለድርጅቱ ሲሰጥና የማሽኗ ሙሉ ባክአፕ በፍላሽ ሲቀመጥ ነው። ማሽኗን ወደ ፋብሪካ ሁኔታዋ የሚመልስ ቁልፍ አለ፣ ፓስወርድ የጠፋበት ሰው በእሱ ይገባል። ግን ሁሉን ነገር ጠርጎ ነው የሚያስገባችሁ። ባክአፕ ከሌላችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ፓስወርዱን ይዤ ስገባ ያየሁት ሌላ ጉድ ነው። የ101 ስልክ ፓስወርድ 101 ነው። የ102ም 102። እንዲህ ተደርጎ እስከ መጨረሻው። ለተካዩ ይቀለዋል፣ ለሌባም ይቀለዋል። ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን የስልክ ማሽን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። ደካማ ፓስወርድ ያገኙ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ በእናንተ መስመር ውድ ወደሆኑ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ። ሒሳቡ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ለእናንተ ነው። ማሽኗ ራሷ ረጅም የተዘበራረቀ ፓስወርድ ትፈጥራለች፤ ተካዩ ነው አጥፍቶ 101 ያለው። ሁሉንም ቀየርኩ። ፓስወርድ የሚሳሳተውን አድራሻ የሚያግደውን ፌይል ቱ ባን የሚባለውን አበራሁ።

ሐጂ ጅቡቲ ሲሄድ የቢሮ ቁጥሩ በሞባይሉ እንዲጮኽለት ይፈልጋል። ለዚህ ብሎ 5060 የሚባለውን የስልክ ጥሪ መግቢያ ፖርት ለኢንተርኔት የሚከፍት ባለሙያ ቢመጣባችሁ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት። በቪፒኤን ነው የሚሠራው፣ በኢንተርኔት ውስጥ ለእናንተ ብቻ በተዘጋ መንገድ ማለት ነው። ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

እዚያው ደህንነት ላይ እያለሁ፣ ለደዋዩ «አንድን ይጫኑ» የሚለው የመቀበያ ድምፅ ሜኑ ውስጥ ዳያል ትራንክ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት ከውጭ የደወለ ሰው በእናንተ መስመር መልሶ ወደ ውጭ መደወል ይችላል። ባዶ መሆኗን እዩ።

ከወደድኩላት ነገር አንዱ የፈቃድ ደረጃው ነው። ለእያንዳንዱ ስልክ አራት ደረጃ አለ፦ የውስጥ ብቻ፣ የአካባቢ፣ የአገር ውስጥ፣ ዓለም አቀፍ። ጥበቃው በር ላይ ያለው ስልክ የውስጥ ብቻ ነው። መጋዘኑ እስከ አገር ውስጥ። 00253 ብሎ ጅቡቲ መደወል የሚችሉት ሐጂና ከወደቡ ጋር የሚሠሩት ናቸው። ድሮ የውጭ አገር ስልክ በቁልፍ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቆለፈው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ቢሮ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከበር የሚያስታውስ ያስታውሳል።

የመውጫ ደንቡ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማሽኗ የትኛው ቁጥር በየት በኩል እንደሚወጣ የምታውቀው በቁጥር ቅርጽ ነው። ኤክስ የሚለው ፊደል ማንኛውንም አኃዝ ይተካል። ስለዚህ ዜሮ ዘጠኝ ብላችሁ ስምንት ኤክስ ብታስከትሉ የሞባይል ቁጥር ሆነ። ተካያችን ይህን አስገብቷል፣ 025ንም 011ንም አስገብቷል። 07ን ግን አላስገባም! እዚህ ከተማ ውስጥ! ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው ነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከሹፌሮቻችን ብዙዎቹ 07 ናቸው። ሲደወልላቸው ማሽኗ ቁጥሩ የለም ትላለች፣ ሰው ሁሉ ኔትወርክ ነው ይላል። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ። ከሌላ አካባቢ ቢሮ ኮፒ የተደረገ ደንብ ለመሆኑ ምስክር አያስፈልገውም።

በነገራችን ላይ ስልክ በምሥራቅ በኩል ነው ወደ አገሩ የገባው። የኢትዮጵያ ቴሌ ታሪክ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ 1894 ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ሲጀመር ነው። ድሬ ያኔ ገና አልተወለደችም፤ ባቡሩን ትጠብቅ ነበር። እና የምሥራቅ ሰው ስልክ አያውቅም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

አሁን በጣም የደከምኩበትን ልንገራችሁ፣ የመቀበያ ድምፁን። ማሽኗ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ስትመጣ አማርኛ ግን አላገኘሁባትም። አፋን ኦሮሞም ሶማሊኛም የሉም። ራሳችሁ ትቀዳላችሁ። በሞባይል የቀዳችሁትን እንዳለ ብትጭኑ አትቀበልም፤ ዌቭ ከሆነ 16 ቢት፣ 8000 ኸርዝ፣ ሞኖ መሆን አለበት። የፋይሉም ስም በላቲን ፊደል ይሁን። ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው። ሜኑ ውስጥ አዲስ ድምፅ ቅዳ የሚል አለ። የስልክ ቁጥራችሁን ትመርጣላችሁ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል፣ ታነሳላችሁ፣ ትናገራላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ፋይሉ እዚያው ተቀመጠ።

ግን ቬንትሌተሩን አጥፉ። ጣሪያ ላይ ያለው ቬንትሌተር ለጆሮ አይሰማም፣ ለስልክ ግን ይሰማል። በግንቦት ሙቀት ቬንትሌተር ተጠፍቶ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ባጃጅ እስኪያልፍ እየተጠበቀ ሦስት ቋንቋ ተቀዳ። አማርኛውን እኔ፣ አፋን ኦሮሞውን ካሸራችን፣ ሶማሊኛውን መጋዘን የሚሠራው ልጅ። ካሸራችን ላቧን እየጠረገች «ይሄን የሚያዳምጥ ሰው ይኑር ብቻ» አለች።

ሰውማ አዳመጠ። እንዲያውም መለሰ። የመጀመሪያው ሰሞን ሹፌሮቹ ከድምፁ ጋር ያወራሉ። «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» ይላል ድምፄ፣ እሱ «እህቴ ደህና ነሽ? ልጆቹስ? አዋሽ ላይ ቆሜያለሁ» ይላል። ድምፁ ዝም ብሎ ሦስተኛውን ቋንቋ ይቀጥላል። ከዚያ ሰውየው ተናድዶ ይዘጋል፣ በሞባይሌ ይደውላል፤ «አቦ ስሚኝ እንጂ፣ እያወራሁሽ ሌላ ሰው ታወሪያለሽ!»

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። ድምፁን አሳጠርኩት። የድርጅቱ ስም፣ ሦስቱ ቁጥሮች፣ አለቀ። «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚለውን የአዲስ አበባ ባንክ ቃና አወጣሁት፤ ድሬ ላይ እንዲህ የሚያወራ የለም። ሁለተኛ፣ ምንም ያልተጫነ እንደሆነ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በቀጥታ ወደ እኔና ወደ ካሸራችን እንዲጮኽ አደረግኩ። ሪንግ ግሩፕ ይባላል። ሁለቱ ስልክ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ የቀደመ ያነሳል። በእኔ አስተያየት ደንበኛው ሹፌር፣ ገበሬና ነጋዴ የሆነበት ቢሮ ሰው ያላነሳውን ጥሪ ብቻ ለማሽን ይተው። ማሽኗ ይህንንም ታደርጋለች። መጀመሪያ ሰው፣ ካልተነሳ ድምፁ። ተካዮች በተቃራኒው የሚያደርጉት አዘጋጅተው የሚመጡት እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። ማሽኗ የሥራ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት፣ የበዓል ቀን ለይታ ጥሪውን ወደተለያየ ቦታ ትልካለች። ድሬ ላይ ምሳ ረጅም ነው፤ ፀሐይዋ ቆልፋ ትይዘናለች። እኛ 6:30 ዘግተን 9:00 እንከፍታለን። ማሽኗ ግን የፈረንጅ ሰዓት ናት፣ ከ12:30 እስከ 15:00 ብላችሁ ነው የምትጽፉት። የሰዓት ክልሏን ከግሪንዊች ሲደመር 3 ላይ አድርጉ፤ ካልሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝግ ነን ብላ ትመልሳለች። በዓሉም በፈረንጅ ቀን ነው። እንቁጣጣሽ በብዛት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ግን 12 ይሆናል። ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። ኢድ የጨረቃ ነገር ነው። እኔ ሁለቱንም ቀን አስገባና ጨረቃዋ ስትታወቅ ትርፉን አጠፋለሁ።

የሽቦ መስመር ያላችሁ ሰዎች ይህን አንቀጽ አትዝለሉ። ደንበኛው ይዘጋል፣ ማሽኗ ግን መዘጋቱን አታውቅም። መስመሩ እንደተያዘ ይቆያል፣ ቀጥሎ የሚደውል ሁሉ የያዘ ድምፅ ይሰማል። ሁለት መስመር ብቻ ላለው ቢሮ ይህ ሞት ነው። ምክንያቱ ማሽኗ የምትጠብቀው የመዝጊያ ድምፅና የእኛ መስመር የሚያሰማው ስለማይገጥሙ ነው። ሜኑ ውስጥ ፒኤስቲኤን ዲቴክሽን የሚል አለ። ሁለት መስመር ካላችሁ አንዱን ወደ ሌላው አስደውላ፣ ድምፁን ራሷ ሰምታ፣ ራሷ ትመዘግባለች። ማንም ሰው ስልክ በማይነካበት ሰዓት አድርጉት። የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ የሚሰማችሁ ከሆነ ደግሞ ኤሲአይኤም የሚባለውን ሌላ ፈተና አስኪዱ። እሱ መስመሩን ለክቶ የሚስማማውን ቁጥር ይመርጣል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያደርግ ሥራ ጨረስኩ የሚል ተካይ ሥራ አልጨረሰም።

መብራት ሲጠፋስ? ማሽኗ ጥሩ ዘዴ አላት። ኃይል ሲቋረጥ የውጭ መስመሩ በቀጥታ ከተራ ስልኩ መሰኪያ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በዚያ መሰኪያ ላይ የተሰካ ተራ ስልክ ቢሮው ጨልሞም ይሠራል። ግን ይህ የሚሆነው መስመራችሁ የድሮው የመዳብ ሽቦ ከሆነ ነው። አሁን ብዙ ቢሮ ፋይበር ገብቶለታል፤ የስልኩ ሽቦ የሚወጣው ከፋይበሩ ሳጥን ጀርባ ነው። መብራት ሲሄድ ያ ሳጥንም ይሞታል፣ መስመሩም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ዩፒኤስ ስትገዙ ማዞሪያዋን ብቻ አታስቡ። የፋይበሩ ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይሰኩ። የመዳብ ሽቦ ያላችሁ ደግሞ በክረምት መብረቅ አለና መስመሩ ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተር አስገቡ። ርካሽ ነው።

ስልኮቹ ላይ ብዙ አልልም። ጂኤክስፒ1610 ርካሹ ነው፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ግን ኃይል በኔትወርክ ገመድ አይወስድም፣ ለእያንዳንዱ ስልክ ሶኬት ትፈልጋላችሁ። ወንድሙ 1615 ይወስዳል። ኃይል የሚሰጥ ስዊች ከገዛችሁ 1615 ይሁን፤ አንድ ዩፒኤስ ቢሮውን በሙሉ ያስወራል። ለሁሉም ሰው አዲስ ስልክ መግዛትም ግዴታ አይደለም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ጋሼ፣ የቆየችውን ፓናሶኒክ ኬኤክስ ቲኤስ500 ነው የሚጠቀመው። በድሮው ሽቦ ማዞሪያዋ ላይ ሰክተንለታል። አዲሱን ስልክ ሳሳየው «ይሄ ቴሌቪዥን ነው፣ የኔዋ ትጮኻለች ይበቃል» አለኝ።

ሠራተኛው ከሁሉ በላይ የወደደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጮኽን ስልክ ከራስ ወንበር ሳይነሱ ማንሳት።  ኮከብን ሁለት ጊዜ ብሎ የዚያን ስልክ ቁጥር መጫን ነው። በድሬ ሙቀት ከወንበር አለመነሳት ትልቅ ነገር ነው። ችግር የሚያመጣው *72 ነው፣ ስልክን ወደ ሌላ ቁጥር ማዞሪያው። አንዱ አዙሮ ይወጣል፣ ሲመለስ *73 ብሎ ማጥፋቱን ይረሳል፣ ከዚያ «ስልኬ ተበላሽቷል» ብሎ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ከኮምፒውተሬ አጥፍቼለት «ተሠራ» እለዋለሁ። ባለሙያ መባል ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም፣ የማሽኗ ጥፋት ባይሆንም። ማን፣ ወደ ማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ሁሉ ይመዘገባል። በሰንጠረዥ ይወርዳል። ድምፅ መቅዳትም ትችላለች። ሐጂ ዝርዝሩን በየሳምንቱ አምጪ ብሎኝ ነበር። አመጣሁለት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበው፣ ከዚያ የማን ሚስት ስንት ጊዜ ደወለች የሚል ወሬ ቢሮ ውስጥ ተነሳ። አሁን የምሰጠው የውጭ አገር ጥሪውንና ያልተነሱ ጥሪዎችን ብቻ ነው። ያልተነሳው ነው ገንዘብ የሚያሳጣን። የድምፅ ቅጂውን አላበራሁትም። ደንበኛው እየተቀዳ መሆኑን ሳይሰማ መቅዳት ነውር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል ብዬ ለሐጂ ነግሬዋለሁ።

ግዢውን በተመለከተ፣ ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የሚያገኟት ሰዎች አሉ፣ አዲስ አበባም አለች። ከየትም ግዙ፣ ደረሰኝ ያዙ። የቴሌኮም ዕቃ ያለ ፈቃድ ማስገባትና መሸጥ በአዋጅ 761/2004 ያስቀጣል። ደረሰኝ የሌለው ርካሽ ዕቃ ያለ ምክንያት አልረከሰም። በተለይ ሲም ካርድ የሚገባባቸውን ሳጥኖች «መስመር ይጨምርልሃል» ብሎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ሳታዩ እጃችሁን አትዘርጉ።

6202 የቆየች ሞዴል ናት። ተተኪዎቿ የ6300 ቤተሰብ ናቸው። ከእነሱ 6302ኤ ሁለት የውጭ መስመርና ሁለት የተራ ስልክ መሰኪያ አላት፣ ከቢሮ ውጭ ለሚሠራ ሰውም የራሷ የርቀት አገልግሎት አላት። አዲስ የሚገዛ እሷን ይጠይቅ። ያገለገለች 6202 በጥሩ ዋጋ ያገኘም አይቆጨውም፤ ብቻ ከመክፈሉ በፊት አብርቶ፣ ሁለቱንም የውጭ መሰኪያ በስልክ ሞክሮ ይግዛ።

ሐጂ አሁን መልካ ጀብዱ ያለውን መጋዘን ከዚህችው ማሽን ጋር እናገናኝ እያለ ነው። በቪፒኤን ይቻላል፤ ስልኩ 115 ተብሎ እዚህ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይጮኻል። እኔ ግን መጀመሪያ የመጋዘኑ ኢንተርኔት ሳይቆራረጥ አንድ ወር ይቆይ ብዬዋለሁ። እስከዚያው መጋዘኑ በሞባይል ይደወልለት።